ስድስተኛው ምሰሶ

ኮምፒውተራችን የታመመው እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ቢያንስ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር። አባቴ ጠዋት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ "ዛሬም አልተሻለውም" ይላል። እናቴ ከኩሽና ሆና "ወይ እሱን ወይ ራስህን፣ አንዳችሁን አሳይ" ትለዋለች።  ትንሽ ቆይቶ የማውዙ ቀጭ ቀጭ ይጀምራል።

አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ኮምፒውተሩ አንድም ቀን ታሞ እንደማያውቅ አውቃለሁ። ያኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትልልቅ ሰዎች ስለ ዕቃ ሲጨቃጨቁ ከሰማች የጨነቃቸው ዕቃው ነው ብላ ታምናለች።

አባቴ የሕንፃ ንድፍ ይሠራ ነበር። መሐንዲሶች በእርሳስ ጫር ጫር ያደረጉትን ተቀብሎ፣ መስመሩን አስተካክሎ፣ ልኬቱን ጽፎ፣ ሠራተኛ የሚያነበው ንጹሕ ወረቀት አድርጎ ያወጣዋል። ሰው ሁሉ "ኢንጂነር" ይለዋል። መጀመሪያ አካባቢ "ኧረ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም" ይል ነበር አሉ፤ ኋላ ሰለቸውና ተወው። ቢሮው የሳሎናችን ጥግ ነው። መስኮቱ ሥር ሰፊ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሞኒተሩ፣ ጠረጴዛው ሥር የኮምፒውተሩ ሳጥን። ሳጥኑ ይሞቃል። በብርድ ጊዜ ካልሲዬን አጥልቄ እግሬን ጎኑ ላይ አስደግፍና የቤት ሥራዬን እዚያው ወለል ላይ እሠራ ነበር።

አባቴ አንድ የማይሽረው ልማድ ነበረው። የገዛ ሥራውን በገዛ ዓይኑ ብቻ አይቶ አይለቅም። ሌላ ሰው ካልቆጠረለት ወረቀቱ ከቤት አይወጣም። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ቁጥር ካወቅኩ ጀምሮ እኔ ነበርኩ። እኔን "መሐንዲሷ" ነበር የሚለኝ። ወረቀቱን ወለሉ ላይ ይዘረጋውና፣

"መሐንዲሷ፣ በር ስንት?" ይለኛል።

"አሥራ አንድ።"

"መስኮት?"

"አሥራ አራት። አንዱ ትንሽ ነው።"

"የመታጠቢያ ቤቱ ነው። ምሰሶ?"

ቁጥራችን ከተስማማ ጥግ ላይ ይፈርማል። ካልተስማማ ሁለታችንም እንደ አዲስ እንቆጥራለን። ተሳስቼበት አላውቅም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ በምንም የማልጠቀስ ልጅ ቤቴ ስገባ ሕንፃ እፈትሽ ነበር። ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው።

የዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቤታችን ጠበበ። እንደዚያ ያለው አባቴ ነው። የመኝታ ቤቱ በር ትከሻውን ሲመታው "ይህን በር ደግሞ ማነው ያጠበበው?" አለ፤ ሳቅን። በሳምንቱ ያው በር ያንኑ ትከሻ መታው። ከጎኑ የተቀመጠለትን ሻይ በክርኑ ይደፋል። እናቴ ጨርቅ ይዛ ትሮጣለች። ሦስተኛ አራተኛ ጊዜ ሲሆን ጨርቁን እዚያው ጠረጴዛው እግር ላይ አንጠለጠለችው፤ ከዚያ ደግሞ ምንም ሳትናገር ብርጭቆውን ከጎኑ እያነሳች አፍንጫው ፊት ማስቀመጥ ጀመረች። አንድ ነገር ሊያይ ሲፈልግ ዓይኑን ሳይሆን ጭንቅላቱን በሙሉ ያዞራል፣ እንደ አውራ ዶሮ። ይህ በጣም ያስቀኝ ነበር። ከኋላው ቆሜ አንገቴን ወዲህ ወዲያ እያልኩ ሳስመስለው እናቴ አየችኝ። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ክንዴን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና "ሁለተኛ እንዳላይሽ!" አለችኝ። ክንዴን ቶሎ አልለቀቀችኝም። ተናዳ መሰለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤት ልብስ እያጣጠፈች ስታናግረው ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሰማኋቸው።

"አባትህንም እንዲሁ ነው የጀመራቸው" አለች። "ከዳር ከዳር።"

"የአባቴ እርጅና ነው።"

"በሃምሳ ዓመታቸው? ምን ዓይነት እርጅና ነው በሃምሳ የሚመጣ?"

"በቃ፣ ተይው አልኩሽ። ይሄ የማሽን ነገር ነው።"

ግራ ገባኝ። የአባቴ አባት ከዚያ ዓመት በፊት እስኪሞቱ ድረስ የኋለኛው ክፍል ውስጥ ነበሩ። ዓይናቸው አያይም። ስገባ ፊቴን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው "አድገሻል" ይሉኝ ነበር፤ በየቀኑ። ኮምፒውተር ግን ነክተው አያውቁም። ታዲያ ኮምፒውተራችንን የያዘው ነገር እሳቸውን እንዴት ጀመራቸው? ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ከዚያ መክሰስ ደረሰና ረሳሁት።

በዚያው ሰሞን አጎቴ አንድ ሲዲ ይዞልኝ መጣ። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ቀልደኛ፣ ኪሱ ሁልጊዜ ብሎን በብሎን የሆነ ሰው። ሲዲው የመኪና እሽቅድምድም ጌም ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለችው ቀይ መኪና አሁንም ትታየኛለች። አስገባነው፤ ስክሪኑ ጠቆረ፣ አንድ መስመር ጽሑፍ አወጣ፣ ተዘጋ።

"አይነሳም" አለ አጎቴ። "ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። የእናንተ ማሽን የራሱ ካርድ የለውም።"

"ካርድ ብናስገባለትስ?"

"ካስገባንለትማ ይበራል! አባትሽን አሳምኚ።"

አባቴን አላሳመንኩትም። "ለመኪና ጨዋታ ብዬ የምሠራበትን ማሽን ሆዱን አላስቀድድም" አለኝ፤ አለቀ። እኔ ግን ያቺን ቀይ መኪና እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ እነዳት ጀመር። በሕይወቴ አንድን ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም፤ ከዚያ በፊትም፣ እውነቱን ለመናገር ከዚያም በኋላ።

ከዚያ አባቴ የባለ ፎቅ ቤት ንድፍ የሚሠራለት ተቋራጭ መጣ። ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው። የተጠቀለለ ወረቀት በብብቱ ይዞ ገባ፤ እናቴ "ሻይ ልበልህ?" ስትለው "ቆይ መጀመሪያ ይሄን እንጨርስ" አላት። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ።

"ኢንጂነር፣ ምድር ቤቱ ላይ በዚህ ረድፍ ስድስት ኮለን አለህ። ፎቁ ላይ አምስት። የግራው የት ገባ? ኮምፒውተርህ በላው?"

አባቴ አንገቱን አዙሮ አንዱን ወረቀት አየ፤ እንደገና አዙሮ ሌላውን አየ። ኮለን የሚሉት ምሰሶ ነው። ያን የፎቅ ወረቀት እኔ አልቆጠርኩትም፤ ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ነበር፣ እሱም ቸኩሎ ነበር።

"እዚህ ጋ ነበረኮ" አለ አባቴ።

"ነበር ብቻውን ፎቅ አይሸከምልኝም፣ ወንድሜ። እኔ ባላየውስ? ሰው ነው የሚገባበት።"

ተቋራጩ ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ። አባቴ ብዙ ሰዓት ምንም ሳይነካ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። በማግስቱ አጎቴን አስጠራው።

"መሐል ላይ ሆኜ ስሠራ ዳሩ ይጠፋል" አለው። "ዞር ስል ይመለሳል።"

"የማሳያው ጉዳይ ሊሆን ይችላል ጋሼ" አለ አጎቴ፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ። "ማዘርቦርዱ ላይ ባለችው ትንሽ ነገር ነው የሚሥለው። ትልቅ ንድፍ ሲከፈትባት ትደክማለች፤ መስመር ትዘላለች። የራሱ ካርድ ቢገባለት…"

"ዳር ዳሩን ነው የምትዘለው?"

"ዳሩንም መሐሉንም። አትመርጥም።"

"መሐሉን አልዘለለችም" አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

አጎቴ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ፤ ጉልበቱን አራገፈ። "እንዲህ አድርግ። ሌላ ሰው እዚህ አስቀምጠህ አሳየው። ለሱም ከጠፋበት ማሽኑ ነው፤ ካርዱን ይዤ እመጣለሁ።"

"ካልጠፋበትስ?"

አጎቴ መሬት ላይ የነበረውን ገመድ ክንዱ ላይ መጠቅለል ያዘ። እኔ ሳጥኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላው ሰው ካላየ ካርድ ይመጣል። ካየ አይመጣም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ገበያ ሄዳለች። አባቴ ወንበሩ ላይ ሁለት ትራስ ደርቦ አስቀመጠኝ። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር፤ ቆዳው የእሱን ሰውነት ቅርጽ ይዟል። የምድር ቤቱን ንድፍ ከፈተ። ስድስቱ ጥቋቁር ምሰሶዎች በአንድ ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ቆመዋል። ማውዙን ይዞ የምትንቀሳቀሰዋን መስቀል ስክሪኑ መሐል ላይ አቆማት።

"መስቀሏን ብቻ እይ" አለኝ። "ዓይንሽ ከሷ እንዳይነሳ። ዞር ካልሽ ሥራው ተበላሸ። እሺ? አሁን ሳትዞሪ ቁጠሪ። ምሰሶ ስንት ይታይሻል?"

ቆጠርኩ። ስድስት ነበሩ። የግራ ዳሩም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ምንም አይብለጨለጭም፣ ምንም አይጠፋም። አባቴ ከኋላዬ ቆሟል። ትንፋሹን አልሰማውም።

"አምስት" አልኩ።

"እስቲ በደንብ።"

"አምስት ነው አባዬ።"

"የቱ ነው የጎደለው?"

"የግራው።"

ከኋላዬ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ አባቴ ሳቀ፤ ከነትራሱ ከወንበሩ ላይ አንስቶ አዞረኝ፣ ግንባሬን ሳመኝ፣ እንደገና ሳመኝ። "ማሽኑ ነው!" አለ። "አላልኩም? ማሽኑ ነው!" ዓይኑ እርጥብ ነበር። ካርድ ስለምንገዛ እንደ እኔ ደስ ብሎት መሰለኝ። ለሁለት የምንጫወት መሰለኝ።

ያን ጠዋት ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። አባቴ የሐኪም መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ ሰው፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ መሣሪያው ትክክለኛውን የዓይን ምርመራ ፈልስፎ ነበር። ምንም አልጎደለውም። ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው ውሸታም የሆነበት።

አጎቴ ካርዱን በሳምንቱ ይዞ መጣ። ሳጥኑን ጎትቶ አወጣና በካቻቢቴ ጎኑን ከፈተው። ውስጡ አቧራ ተጋግሯል፤ በብሩሽ ሲጠርገው ሁላችንም አስነጠሰን። ካርዱን ከመንካቱ በፊት የሳጥኑን ብረት በመዳፉ ነካ። "ሰውነታችን ላይ ያለ ኤሌክትሪክ እንዳይገድለው" አለኝ። ካርዱ አረንጓዴ ነው፤ ጀርባው ላይ ትንሽ ማራገቢያ አለችው። ቦታው ላይ አድርጎ ሲጫነው ቀጭ አለ። ለሳጥኑ ኃይል የሚያድለው የድሮው ፓወር ሰፕላይ አቅም ስለማይበቃው እሱንም ቀየረው። ገመድ ሰካ፣ ብሎን አሰረ፣ አበራ።

ማራገቢያዋ ዞረች። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ጠበቅን። ጥቁር ነው። አባቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አንድ ስክሪን ባይበራ እንደዚያ የሚሆን ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

"ቆይ ቆይ ቆይ" አለ አጎቴ፤ ከኋላ አጎንብሶ አየና ግንባሩን መታ። "የሞኒተሩን ገመድ የድሮዋ ላይ ነው የሰካሁት! አዲሱን አስገብቼ ከአሮጌዋ ጋር ሳወራ…" ነቅሎ ካርዱ ላይ ሰካው።

ስክሪኑ በራ። አጎቴ ጥራቱን ከፍ አደረገው፤ ፊደሉም፣ ሥዕሉም፣ ንድፉም ሁሉ ትንሽ ትንሽ ሆነ፤ ግን ጥርት ያለ። ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ የነበረው ረድፍ ተሰብስቦ መሐል ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ተቀመጠ። መሐሉን ትክ ብሎ አየ፤ አንገቱን አላዞረም።

"ስድስት" አለ። ድምፁ ሹክሹክታ ነበር። "ስድስቱም አሉ።"

ካርዱ ያደረገው ይህን ነው። ንድፉን አሳንሶ ለአባቴ በቀረችለት ጠባብ የእይታ ቀዳዳ ውስጥ አስገባለት። ይህን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ከአጎቴ ጋር ተቀምጠን ስናሰላው።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ልጅቷም እንደኔው አምስት ነበር ያየችው" አላት አባቴ። "አሁን ይኸው ስድስት! አላልኩሽም?"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አምስት ነው ያየሽው?"

"አዎ።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው በጣም ይቀላል። እናቴ ተነፈሰች፤ ከዚያ ቀን በኋላ "ራስህን አሳይ" ብላው አታውቅም።

እኔ መኪናዬን አገኘሁ። የቤት ሥራዬን ከጨረስኩ፣ አባቴም ሥራ ካልበዛበት፣ በየተራ እንነዳለን። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማሸንፈው። ከፊቱ ያለችውን መኪና ጥሩ አድርጎ ይከተላታል፤ ከጎን የምትመጣዋን ግን አያያትም። ትመጣለች፣ ትመጣለች፣ እኔ "አባዬ ግራ! ግራ!" እያልኩ እጮኻለሁ፣ እሱ "የታለች?" ሲል ትገጨዋለች። አንድ ቀን በሳቅ ወለሉ ላይ እየተንከባለልኩ "አባዬ ዕውር ነህ እንዴ!" አልኩት።

ኩሽና ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ። አባቴ ማውዙን አስቀመጠ። ከዚያ "እስቲ ያንቺ ተራ" ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሳቄን አቆምኩ፤ ለምን እንዳቆምኩ ግን አላወቅኩም።

ስምንት ወር እንደዚያ አለፈ። በሩ ትከሻውን መምታቱን አልተወም፤ ማንም ስለ በሩ አያወራም እንጂ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያንን ሕንፃ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። የምሰሶው ጉዳይ ተስተካክሎ ፎቁ ቆሟል። ሠራተኞቹ ምድር ላይ አሸዋ ይነፋሉ፤ እኛ በጣውላ መወጣጫ ወጥተን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆምን። ግድግዳ የለም፤ ንፋሱ እንደልቡ ይገባል፣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አለ። አባቴ ቀኝ እጁ ውስጥ እጄን ይዞ በባዶው ወለል ላይ እየሄደ ቤቱን ያሳየኛል።

"ይሄ ሳሎን ነው። ይሄ ትልቁ መስኮት። እዚህ ደግሞ የልጆች ክፍል። አንቺ ብትሆኚ አልጋሽን የት ታደርጊው ነበር?"

"መስኮቱ ሥር።"

"መሐንዲሷ! እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት።"

በስተግራው የደረጃው ክፍት ነበር። ደረጃው ገና አልተሠራም፤ ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ጥቁር ጉድጓድ ነው፣ ዙሪያውን ምንም አልታጠረም። ከአምስት እርምጃ አየሁት። ከሦስት እርምጃ አየሁት። ምንም አላልኩም። ያን ክፍት የሣለው እሱ ነው፤ ደረጃዎቹን ወረቀት ላይ የቆጠርኩለት እኔ ነኝ፣ አሥራ ስምንት ናቸው። ለአባቴ እሱ የሣለውን ነገር "ተጠንቀቅ" ማለት ድፍረት መሰለኝ።

በግራ እግሩ ረገጠው። አልጮኸም። እጄን ለቀቀ።

ለብዙ ጊዜ የከነከነኝ እሱ ነበር። ለምን ለቀቀኝ? የሚወድቅ ሰው ያገኘውን ነው የሚይዘው። ተቆጥቶኝ ይሆን፣ ውሸቴን ያን ጊዜ አውቆት ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። አሁን ይገባኛል። ይዞኝ ቢሆን ይዞኝ ይወርድ ነበር። እግሩ አየር በረገጠባት በዚያች ቅጽበት ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ጣቶቹን ከፈተ።

እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ነርሷ ከጎኑ የምታስቀምጥለትን ውሃ በተደጋጋሚ ሲደፋው አይታ ለሐኪሙ ነገረችው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ዓይን ክፍል ወሰዱት። አገጩን ነጭ ጎድጓዳ መሣሪያ ላይ አስደገፉት። ባለሙያዋ "መሐል ያለችውን መብራት ብቻ ይዩ። ዓይንዎ ከሷ እንዳይነሳ። ከዳር ብልጭ ስትል ይህን ይጫኑ" አለችው።

እኔና እናቴ ግድግዳው ጋ ቆመናል። ባለሙያዋ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ነጥቦቹ ሲበሩ ይታዩኛል። በግራ ይበራል፤ የአባቴ ጣት አይነቃነቅም። በቀኝ ይበራል፤ አይነቃነቅም። ላይ፣ ታች፣ ግራ። ጫነው አባዬ፣ እላለሁ በሆዴ። ጫነው። አንዳንዴ መሐሉ አካባቢ ሲበራ ቶሎ ይጫናል፤ ጎበዝ ተማሪ ይመስል።

ያኔ ነው የገባኝ። ምርመራውን አውቀዋለሁ። ተፈትኜበታለሁ።

የዓይን ሐኪሟ ውጤቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወረቀቱ ሁሉ ጠቁሮ መሐሉ ላይ ብቻ የቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ነጭ ቀርታለች። ግላኮማ አለች። የዓይን ግፊት ነው፣ በዘር ይሄዳል፣ ከዳር እየበላ ነው የሚገባው።

"እንዴት እስከዚህ ድረስ ሳይጠረጥሩ?" አለችው።

"ጠርጥሬ ነበር" አለ አባቴ። "ከስምንት ወር በፊት ነው። እንዲያውም አስቆጥሬ…"

ንግግሩን አቋረጠ። አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረ፤ ግድግዳውን ፈለገ፣ እናቴን አለፈ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊቴን አየው። ምን እንዳየበት አላውቅም።

"ያኔ ኮምፒውተሩ ነበር" አላት ሐኪሟን። "ካርድ ስናስገባለት ተስተካከለ። ይሄ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።"

"ያኔ መጥተው ቢሆን ብዙ እናተርፍ ነበር" አለች። "የሄደው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን።"

ሞከሩ። ጠብታ ነበር፣ ቀዶ ሕክምና ነበር። አራት ዓመት ቆየች ያቺ ቀዳዳ። ሥራውን ግን ከዚያ ሐኪም ቤት ወጥቶ አልነካውም። እኔም ጌሙን አልከፈትኩትም፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ አባቴ ፊቴን በጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገው። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አፌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ።

ለሃያ ሦስት ዓመት አልነገርኩትም። ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሷል። ጢሙን ስላጭለት፣ ጥፍሩን ስቆርጥለት፣ ጋዜጣ ሳነብለት፣ መንገድ ሳሻግረው። "አባዬ" እላለሁ፤ "ወዬ" ይለኛል፤ "ምንም" እለዋለሁ።

ነገሩ በዘር ስለሚሄድ በየዓመቱ እመረመራለሁ። ባለፈው ወር ተመርምሬ በቀጥታ እነሱ ቤት ሄድኩ። አባቴ ሳሎን ሬዲዮ ያዳምጣል። ድምፁን ቀነሰና "እህ፣ ምን አሉሽ?" አለኝ።

"ደህና ነው። ግፊቱም ልክ ነው።"

"ዳሩስ?"

"ዳሩም ይታየኛል።"

"ሁሉም? እኔን ለማስደሰት እንዳይሆን። እውነትሽን ነው?"

ይህን አለኝ፤ ያለ ምንም ተንኮል። አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ ያኔ ስድስት ነበር ያየሁት።"

የቱን ያኔ ብሎ አልጠየቀኝም። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ቀይዋ መኪና፣ ስለ አጎቴ ንግግር፣ እያወቅኩ አምስት ስለማለቴ።  ስጨርስ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈ።

"አንቺን ብቻ የጠየቅኩሽ ይመስልሻል?" አለኝ። "ከዚያ በኋላ እናትሽንም አስቀመጥኳት፤ ስድስት አለች። አጎትሽንም አስቀመጥኩት፤ እሱም ስድስት አለ። ከሦስታችሁ ደስ ያለኝን ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌ ፈሪ ነው የሚሆነው ይላሉ፤ እኔ በጎልማሳነቴ ነበር የፈራሁት። ያንቺ ምንም የለበትም። ሰማሽኝ? ምንም።"

ሃያ ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እሱም ፀጉሬን ይዳብሰኛል። ከዚያ ፊቴን ልታጠብ ወደ ኩሽና ገባሁ። እናቴ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽ እንዲህ የቀላው?"

"እማዬ" አልኳት፣ "ያኔ ካርዱ ሳይገባ፣ አባዬ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦ ምሰሶ አስቆጥሮሽ ነበር አይደል?"

"እኔን?" ቢላዋውን አስቀመጠች። ድምፅዋ ሁልጊዜም ቤቱን ይሞላል። "እኔን መች አስቆጥሮኝ ያውቃል? አንድ ቀን እንኳ ያን ወንበር አስነክቶኝ አያውቅም! ከወንድሜም ጋር ሲቆጥር አላየሁም። ልጅቷ እንደኔው አየች ብሎ አፌን ዘጋኝ እንጂ። ምነው፣ ምን አለሽ?"

ከሳሎን የሬዲዮው ድምፅ ከፍ አለ።